አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት

በደን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስሟን የሚጠራ ሰው የለም። ከጥበቃው እስከ ኃላፊዋ ድረስ ሁሉም «እትዬ ሜትር» ይሏታል። ልብስ ሰፊው ባሏ እንኳን ሊያናድዳት ሲፈልግ «በዚህ ቤት ሁለት ሜትር አለ፤ አንዱ አንገቴ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሌላው ይቆጣኛል» እያለ ይስቃል። ስሙ በቁመቷ ለማሾፍ የወጣ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። አጭር መሆኗን ማንም አይክድም፤ የመዝገብ ቤቱን የላይኛውን መደርደሪያ በዓይኗ እንጂ በእጇ አታውቀውም። ስሙ የወጣላት ግን ሌላው ሰው «መቶ አርባ ገደማ» በሚልበት ቦታ እሷ «መቶ አርባ ሁለት ከግማሽ» ስለምትል ነው። ገደማ የሚል ሰው ሲያጋጥማት ፊቷን አዙራ ሥራዋን ትቀጥላለች።

ሥራ የጀመረችው በችግኝ ጣቢያ፣ በትንንሽ ጥቁር ላስቲኮች ውስጥ አፈር በመሙላት ነው። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ሲያልቅ ፎርማኑ እየዞረ ስንት እንደሞሉ ሲጠይቅ አንዷ «አምስት መቶ ይሆናል»፣ ሌላዋ «ከዚያ አያንስም» አሉት። እሷ «አራት መቶ ሰባ ስድስት፤ ሦስቱ ተቀደዋል» አለች። ፎርማኑ ንግግር የማይወድ ሰው ነበርና ምንም ሳይላት አለፈ። በሳምንቱ ግን ጠርቶ ወደ ላይኛው ደን ይዟት ወጣ።

ላይኛው ደን ከከተማው በላይ ባለው ተዳፋት ላይ የሚገኝ፣ ማንም ያልተከለው፣ ራሱን በራሱ እየተካ የኖረ የተፈጥሮ ደን ነው። ከተማው የሚጠጣው ውኃ የሚመነጨው ከሥሩ ነው። በውስጡ የቆርቆሮ ቁጥር የተመታባቸው መቶ አርባ አራት ዛፎች አሉ። የእነዚህ ዛፎች ግንድ ዙሪያ በየሦስት ዓመቱ ደረት ላይ ይለካል፤ ከቀድሞው ልኬት ጋር ይነጻጸራል። ደኑ እያደገ ይሁን ወይም ቆሞ ይሁን የሚታወቀው በዚህ ነው። ፎርማኑ አንድ ቁጥር ዛፍ ጋ አቆማት፣ ሜትሩን በግንዱ ዙሪያ አዞረና በእሷ ደረት ትክክል አሳረፈው። «እዚህ ጋ» አላት። «ሁልጊዜ እዚህ ጋ።» ትምህርቱ ይኸው ነበር፤ ሰውዬውም ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ስምንት ጊዜ ለካቻቸው። መጀመሪያ ግንዱ ላይ በቅሎ የሸፈነውን ግራጫ የዛፍ ሽበት በጨርቅ ጠርጋ ታነሣለች። ከዚያ ሜትሩን ታጠልቃለች፤ የተንጋደደ ቦታ እንዳይኖር ዛፉን ዞራ ታያለች። ሁለቴ ታነባለች፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ ታነባለች። አንድ ጊዜ ዘጠና አንደኛው ዛፍ ላይ የንብ መንጋ ሰፍሮ አላስጠጋ አላት። አብረዋት ያሉት «ያለፈውን ቁጥር ውሰጂና ሁለት ሴንቲሜትር ጨምሪበት፤ ማን ያይሻል» አሏት። አራት ቀን ተመላለሰች። በአምስተኛው ቀን መንጋው ተነሥቶ ሄደ፤ ለካች፤ ዛፉ የጨመረው ሦስት ከግማሽ ነበር። «ሁለት ጨምሪ ያላችሁኝ ይሄን ነው» እያለች ዓመቱን ሙሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣቻቸው።

በዋናው መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ክርክር ሲነሣ «የእትዬ ሜትር ቁጥር ነው» ከተባለ ነገሩ እዚያው ያበቃል ይባላል። ይህን የነገሯት ቀን ምንም አልመሰላት የሚል ካለ አያውቃትም ማለት ነው። ቤቷ ገብታ ለባሏ ሦስት ጊዜ ነገረችው፤ ሦስተኛውን ጊዜ ጎረቤት እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ ነው።

ዘጠነኛው ልኬት ሲደርስ ጉልበቷ ከዳት። እሷ ሐኪም ቤት ስትተኛ ሥራው ለሎጋው ተሰጠ። ሎጋው ሠላሳ ዓመት ያለፈው ዝምተኛ ሠራተኛ ነው፤ የቢሮውን በር ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው፣ ቅጽል ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። በዚያው ሰሞን አዲስ ኃላፊ ተመደበች። አዲሷ ኃላፊ የደን ሥራ ቃላት የተፈቱባት አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አላት። ሠራተኛው ጠዋት ግቢ ውስጥ ሲሰበሰብ በየቀኑ አንድ ቃል ታነብላቸዋለች፤ ምንጠራ ማለት ይህ ነው፣ ማሳሳት ማለት ይህ ነው፣ ተተኪ ቡቃያ ማለት ይህ ነው። እትዬ ሜትር ከሕክምና ተመልሳ ችግኝ ጣቢያ ተመድባ ነበርና «ችግኙ ውኃ ጠምቶታል» እያለች ከስብሰባው ትቀራለች። «ሃያ ዓመት የሠራሁትን ሥራ ስሙን ልታስተምረኝ ነው?» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ።

አንድ ጠዋት ግን ኃላፊዋ ማንም እንዳይቀር አዘዘች። ያን ዕለት ያነበበችው ከመጽሐፏ ሳይሆን ከዋናው መሥሪያ ቤት ከመጣ ደብዳቤ ነበር። ላይኛው ደን በሦስት ዓመት ውስጥ ምንም አላደገም፤ ግማሽ ያህሉ ዛፍ እንዲያውም ከቀድሞው ቀጥኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ያረጀ፣ እድገቱን የጨረሰ ደን ነውና ተመንጥሮ ቶሎ በሚደርስ የተከላ ዛፍ ይተካ። ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥቶ፣ አይቶ ያጸድቃል።

እትዬ ሜትር ደሟ ፈላ። «ዛፍ አይከሳም» አለች፤ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። «ይደርቃል፣ ይወድቃል፣ ይበሰብሳል እንጂ አይከሳም። ይህን ቁጥር ያመጣው ሰው ዛፎቹ ጋ አልደረሰም። ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ከጭንቅላቱ አፍልቆ ነው የጻፈው።»

ስም አልጠራችም፤ መጥራትም አያስፈልግም ነበር። ሎጋው ፊቱ ቀላ። ዙሪያውን የቆሙት ሠራተኞች ከእሱ ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ አያቸው፤ ያ ሳይሆን አይቀርም በጣም የጎዳው።

«እትዬ፣ ዛፎቹ እዚያው ናቸው» አለ ቀስ ብሎ። «ሄደን እንያቸው።»

ከሰዓት በኋላ ጉልበቷን በጨርቅ አስራ ተከተለችው። ልቧ ሙሉ ነው፤ የወጣችው ልታጋልጠው ነው። አንድ ቁጥር ዛፍ ጋ ሲደርሱ ሎጋው ይዞት የመጣውን ቀጥ ያለ ዘንግ ከግንዱ ሥር አቆመና ሜትሩን በዘንጉ ጫፍ ትክክል አዞረው። ሜትሩ ያረፈው በእሷ አንገት አካባቢ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ ዘንግ?»

«የደረት ከፍታ ነዋ፣ እትዬ። አንድ ሜትር ከሠላሳ።»

«የማን ደረት?»

«የማንም አይደለም። የሚለካው ሰው ረዘመም አጠረም ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ ነው። መጽሐፏ ላይ እንደዚያ ይላል፤ ኃላፊዋ አንብባልናለች።»

ሜትሩን ከእጁ ተቀብላ በራሷ ደረት ትክክል አዞረችው። ዛፍ ሲባል ወደ ሥሩ ወፈር፣ ወደ ላይ ቀጠን ይላል፤ የላይኛው ደን ዛፎች ደግሞ ከታች በጣም ያብጣሉ። ሎጋው በለካበት ቦታ መቶ ሠላሳ ስምንት ነበር። እሷ በለካችበት መቶ አርባ አምስት ሆነ። ከሦስት ዓመት በፊት የጻፈችው መቶ አርባ አንድ ነው፤ መዝገብ ማየት አላስፈለጋትም። ሁለተኛውን ዛፍ ለካች፤ ያው ነው። አምስተኛውንም ለካች።

ዛፉ አድጓል። ሎጋውም አልዋሸም። እንግዲህ የተሳሳተው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አይጠይቅም ነበር። ሎጋውም ገብቶታል። «ይኸው፣ አዩ» ለማለት መብት ነበረው፤ አላለም። ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና «እንውረድ እትዬ፣ ጉልበትዎን ያምዎታል» አላት።

እሁድ ዕለት ባሏ የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ ሳለ ሄዳ ፊቱ ቆመች። የሥራ ጫማዋን ተጫምታለች።

«ተነሥና ለካኝ።»

«ቀሚስ ነው ኮት?»

«ከመሬት እስከ ደረቴ።»

በሠላሳ ዓመት የስፌት ዘመኑ እንዲህ ያለ ልክ ያዘዘው ደንበኛ አልነበረም። ግን ፊቷን አይቶ ቀልዱን ዋጠና ተንበረከከ።

«አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት» አላት።

የጨርቅ ክምሩ ላይ ቁጭ አለች፤ እንባዋ መጣ። ሁሉንም ነገረችው፤ ደብዳቤውን፣ ግቢ ውስጥ የተናገረችውን፣ ዘንጉን። «አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ሁለት ጊዜ ለክቼ አንድም ጊዜ ትክክለኛው ቦታ ላይ አልነበርኩም» አለች። «ሜትር ይሉኛል እኮ። ደግሞ የሰው ልጅ ሰድቤያለሁ።»

ባሏ መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰካ። «አንድ ደንበኛ አለኝ» አለ፤ «ሱሪውን ከእምብርቱ በታች ካልሆነ አይታጠቅም። ሁልጊዜ እዚያው ነው የምለካው። አንድ ጊዜ ታምሜ ሌላ ሰፊ ጋ ሄደ። ያኛው እንደ ደንቡ ወገቡ ላይ ለካውና የድሮ ሱሪውን ልክ አይቶ ከስተሃል አለው። ሰውዬው ደንግጦ ሐኪም ቤት ሮጠ።»

«ከስቶ ነበር?»

«ምን ይከሳል። እኔ ጋ ሲመለስ እንዲያውም ሁለት ጣት ጨምሮ ነው የመጣው።»

ሳትፈልግ ሳቀች። ባሏም ሳቀ። ጨዋታው ጥሩ ነው፣ ግን ለኮሚቴ ይነገራል ወይ ነው ጥያቄው።

በማግስቱ ኃላፊዋ ቢሮ አስጠራቻትና በሩን ዘጋች። «እትዬ፣ ደኑ ቢመነጠር እኔም አልወድም» አለቻት። «እርስዎ ልኬቱ የሐሰት ነው ብለው እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ። ኮሚቴው ከእርስዎ ቃል አይወጣም፤ ይሰርዘዋል።»

«ሎጋውስ?»

ኃላፊዋ ጠረጴዛዋ ላይ ያሉትን ወረቀቶች አስተካከለች። «እሱ መሰናበቱ አይቀርም።»

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር፤ ፈተናው ቀላል አልነበረም። ብትፈርም ደኑ ይተርፋል፣ ስሟም እንደተከበረ ይኖራል፤ የሚጎዳው አፍ አውጥቶ የማይከራከር አንድ ሰው ብቻ ነው። ዝም ብትል ደኑ ያልቃል። እውነቱን ብትናገር ደግሞ መዝገቧ ሁሉ ውድቅ ተደርጎ፣ እሷም መሳቂያ ሆና፣ ደኑም ላይተርፍ ይችላል። ወረቀቱን አጥፋ ኮቷ ኪስ ከተተችው። ዐሥር ቀን እዚያው ከረመ። በእነዚያ ቀናት ሎጋው ባገኛት ቁጥር ሰላምታ አጓድሎባት አያውቅም፤ ቢሰድባት ይቀላት ነበር።

ኮሚቴው መጣ። ሰብሳቢው መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር አንድ ወጣት ባለሙያና ፊቷ የማይፈታ አንዲት ሴት አሉ። ቢሮ ሊገቡ ሲሉ እትዬ ሜትር መንገዳቸውን ይዛ ቆመች። የምትናገረው እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ካልሆነ እንደማትናገር ነገረቻቸው። ኃላፊዋ ደስ አላት፤ ፊርማው የመጣ መስሏታል።

«የሎጋው ልኬት ትክክል ነው» አለች። «እዚህ ግቢ፣ እናንተ ፊት ውሸታም አልኩት። እዚሁ እናንተው ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ደንቡን የሳትኩት እኔ ነኝ። አንድ ሜትር ከሠላሳ መለካት ሲገባኝ ሃያ አንድ ዓመት በገዛ ደረቴ ስለካ ኖሬያለሁ። ደረቴ ደግሞ የት እንዳለ ታዩታላችሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ጀመረና ተወው። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንግዲያው የእርስዎ መዝገብ ሁሉ ስሕተት ነው ማለት ነው።»

«ከፍታው ስሕተት ነው፣ ጌታዬ። እድገቱ ግን ስሕተት አይደለም። ከዚያች ቦታ አንዲት ጣት ከፍም ዝቅም ብዬ አላውቅም። አደገ ያልኩት ዛፍ አድጎ ነው። አሁን ቀጠነ የተባለው በእኔ ቦታ ስላልተለካ ነው። ኑና በእኔ ቦታ ልለካላችሁ።»

«በየጊዜው አንድ ቦታ ላይ ለመለካትዎ ማስረጃው ምንድን ነው?» አለች ፊቷ የማይፈታው ሴት። «የእርስዎ ቃል ብቻ ነው?»

እትዬ ሜትር ከቃሏ ሌላ ምንም አልነበራትም፤ ቃሏን ደግሞ አሁን በገዛ እጇ አራክሳዋለች።

«እኔ አይቻለሁ» አለ ሎጋው።

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ብዙ ሰው ፊት መናገር ስለማይሆንለት ዓይኑን ጫማው ላይ ተክሎ ነው የተናገረው። «ስለካ ከዘንጌ ዝቅ ብሎ በየግንዱ ላይ ቀበቶ የመሰለ የጠራ መስመር አይ ነበር። ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። እትዬ ሽበቱን እየጠረጉ የለኩበት ነው። አንዱም ዛፍ ላይ አልጠፋም።»

ኮሚቴው ወጣ። ሽማግሌው ትንፋሽ እያጠራቸው፣ እትዬ ሜትር ጉልበቷን እየጎተተች፣ ሠራተኛውም ማንም ሳይፈቅድለት ተከትሎ ወጣ። መስመሩ አለ። ግራጫው ሽበት ከላይም ከታችም ግንዱን ሸፍኖት፣ መሐሉ ላይ በእጅ መዳፍ ስፋት ልጡ ጠርቶ ይታያል። ወጣቱ ባለሙያ ከመሬት እስከ መስመሩ ለካ። አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት። ቀጣዩ፣ አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት። አንዱ ላይ አሥራ አንድ ሲያገኝ እትዬ ሜትር ኮስተር ብላ አየችው፤ ድጋሚ ለካና አሥራ ሁለት መሆኑን አመነ።

ሰብሳቢው ራሳቸው ከዚህም ከዚያም አሥራ ሁለት ዛፎች መረጡ። እሷ ለካች፣ ሎጋው ጻፈ፣ ሴትዮዋ ከአሮጌው መዝገብ ጋር አስተያየች። ሦስት ጨምሯል። አራት ጨምሯል። ሁለት ከግማሽ ጨምሯል። ዘጠና አንደኛው አምስት ጨምሯል። ያልጨመረ አንድ ዛፍ አልተገኘም።

ሽማግሌው መዳፋቸውን በጠራው መስመር ላይ አሳለፉ። «ብዙ ደን አይቻለሁ» አሉ። «ከፍታው ልክ ሆኖ ልኬቱ በየዓመቱ የሚዋዥቅ መዝገብ ሞልቷል። እንዲህ ቦታውን ሳይለቅ ሃያ አንድ ዓመት የኖረ ግን አልገጠመኝም።» ከዚያ ወደ እሷ ዞር አሉ። «እርስዎ ጡረታ ሲወጡስ ማን ይለካዋል?»

«ማንም ይለካዋ» አለች። «ጎንበስ ይበል እንጂ።»

ሠራተኛው ሳቀ፤ ፊቷ የማይፈታውም ሴት ሳቀች። እትዬ ሜትር በዚያች ሰዓት ኮራች። ሰው ያሞገሳት ቀን ከተሰማት ኩራት ይልቅ ይሄኛው ጠለቀባት፤ ስሕተቷን አውጥታ ከተናገረች በኋላ የተረፈላት ነዋ። ከኪሷ ያን የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ለኃላፊዋ ሳይፈረም መለሰችላት። ኃላፊዋ ተቀበለችው፤ አፍራ ነበር፣ እሷም ማፈሯን አልደበቀችም።

ምንጠራው ቀረ። በወሩ የመጣው ደብዳቤ ላይኛው ደን ተጠብቆ እንዲቆይ፣ ከእንግዲህም የዚህ ደን የመለኪያ ከፍታ አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት እንዲሆን፣ ይህም በየዛፉ ላይ በቀለም እንዲሠመር ያዝዛል። ሥራው ለሁለቱ ተሰጠ። እሷ ከተዳፋቱ በላይ በኩል ግንዱን ተጠግታ ትቆማለች፣ ሎጋው በደረቷ ትክክል ነጭ መስመር ይሠራል። ዘንግ ይዘው ነበር፤ ከሁለተኛው ዛፍ በኋላ ሣር ላይ ጣሉት።

ስድስት ቀን ፈጀባቸው። መቶ አርባ አራተኛው ሲያልቅ ቁልቁል ዞር ብላ አየች። ነጩ መስመር ከግንድ ወደ ግንድ እየዘለለ፣ አንዱም ከፍ ሌላውም ዝቅ ሳይል ተዳፋቱን ይዞ ይወርዳል።

«ያ ሁሉ የኔ ደረት ነው?» አለች።

«የእርስዎ ነው፣ እትዬ።»

ከዚያ መዝገቡን ከሎጋው እጅ ወሰደች፣ ሜትሩን ከኪሷ አውጥታ ሰጠችውና አንድ ቁጥር ዛፍ ጋ ወረዱ። ሎጋው አንድ ጉልበቱን መሬት ላይ አድርጎ መስመሩ ድረስ ዝቅ አለ፤ ቁጥሩን ጠራላት፣ እሷም ጻፈች።